ወረርሽኝና ትምህርት ቤት፤ በአሜሪካ የትምህርት ወረዳዎች በሦስት ዘመናት ስለ ተደረገው የደንብና የአገልግሎት ለውጥ

ትምህርት ቤት ማለት በተለመደው አነጋገር ልጆች ፊደል የሚቈጥሩበት፥ መምህር የሚያስተምርበት ቤት ማለት ነው። ነገር ግን ቤቱ በድንገት የተዘጋ እንደ ሆነ፥ ከትምህርቱ ጋራ አብረው የተቋረጡትን ነገሮች የሚቈጥር ሰው፥ ለካስ ይህ ቤት ከማስተማር ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራ ኖሯል ማለቱ አይቀርም። ልጁ በቀትር የሚበላው ምሳ፥ ዓይኑንና ጆሮውን የሚያይለት ሐኪም፥ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ የሚጠብቀው ሰው፥ ይህ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ተሰብስቦ ይኖራል፤ ጣራው ደኅና ሳለ ግን ማንም ልብ ብሎ አያየውም። የአንድን ሕዝብ ልማድ የሚያጠና ሰው ልማዱ በተቋረጠበት ቀን ብዙ ይማራልና፥ በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኝ ምክንያት በተናወጡባቸው በሦስት ዘመናት፥ ማለት በ1918፥ በ1937 እና በ2020 የተደረገውን ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ቃል መግለጽ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን በቀጥታ የሚያስተዳድር የመላው አገር ሚኒስቴር የለም። በዋሽንግተን ያለው የፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት በገንዘብ ይረዳል፥ የሕግንም መጠበቅ ይቈጣጠራል እንጂ መምህር አይቀጥርም፥ የትምህርት ቤት በርም አይከፍትም። ይህ ሥራ የተሰጠው ቍጥራቸው 13,000 ያህል ለሆነ የትምህርት ወረዳዎች ነው። ወረዳ ስንልም በአገራችን እንደሚታወቀው ያለውን የአገር አስተዳደር ክፍል ማለታችን አይደለም፤ የራሱ ቦርድና የራሱ የበላይ ኃላፊ፥ ብዙውን ጊዜም የራሱ ግብር ያለው የትምህርት አስተዳደር ማለታችን ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ወረዳ ብቻውን አንድ ሚሊዮን ያህል ልጆችን ሲይዝ፥ በገጠር ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያለው ወረዳ ይገኛል። ስለዚህ በሽታ በመጣ ጊዜ ሁሉን የሚገዛ አንድ አዋጅ አይወጣም፤ ውሳኔው ከከተማ ከተማ ይለያያል። ለታሪክ ተመልካች ይህ መለያየት ጥቅም አለው፤ በአንድ ዘመን፥ በአንድ በሽታ ፊት፥ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ጐን ለጐን ሲፈተኑ ለማየት ይቻላልና።

ወደ 1918 ከመድረሳችን በፊት ሐኪም ወደ ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ገባ መናገር ይገባል። በ1894 በቦስተን ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለው ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ በልጆች ላይ በበረታ ጊዜ፥ ከተማው ሐኪሞችን ወደ ትምህርት ቤቶች ላከ፤ ኒው ዮርክም በ1897 ይህንኑ ተከተለች። ሐኪሙ የዓይን ማዝ፥ ቆረቆር፥ እከክ ወይም ቅማል ያለበትን ልጅ እየለየ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ደንቡ ይኸው ብቻ ነበረ። የተመለሰው ልጅ ግን የሚያክመው ሰው አላገኘም። እናቱ ከኢጣሊያ ወይም ከሩሲያ የመጣች ስደተኛ ከሆነች፥ ልጁ ይዞላት የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ማንበብ አትችልም። ልጁም ቀኑን በመንገድ ላይ ውሎ፥ ማታ ጓደኞቹ ከትምህርት ሲወጡ አብሮአቸው ይጫወታል። በሽታው በበር ተባሮ በመስኮት ይመለስ ነበር ማለት ነው።

በ1902 በጥቅምት ወር ሊሊያን ዋልድ የተባሉት፥ በኒው ዮርክ ድኆች ሰፈር የበጎ አድራጎት ቤት የመሠረቱ ሴት፥ ሊና ሮጀርስ የተባለችውን ነርስ ለአንድ ወር ሙከራ በአራት ትምህርት ቤቶች እንድትሠራ ለከተማው ሰጡ። ነርሷ ቀላሉን በሽታ እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ታክማለች፤ ከበድ ያለውን ደግሞ ወደ ልጁ ቤት ተከትላ ሄዳ እናቲቱን እያሳየች ታስተምራለች። የሆነውን ነገር ቍጥሩ ይናገራል፤ በመስከረም 1902 በሕመም ምክንያት ከትምህርት የተባረሩት ልጆች ከ10,000 በላይ ነበሩ፤ በመስከረም 1903 ግን ወደ 1,100 ዝቅ አሉ። ይህን ታሪክ ያነሣነው በኋላ በመጣው ወረርሽኝ ሁሉ ያው ጥያቄ ስለሚመላለስ ነው፤ ይኸውም፥ ልጁን ከበር የሚመልስ ደንብ ሲወጣ፥ ልጁን ተከትሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ አገልግሎት አብሮ ወጥቷልን? የሚለው ነው።

በ1918 መጸው ዓለምን የዞረው ኢንፍሉዌንዛ፥ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው ነው። በአዲስ አበባ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ሲገባ በከተማይቱ የነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ ከተከፈተ ገና ዐሥር ዓመቱ ነበረ። ስለዚህ ልጆችን በትምህርት ቤት እናቈይ ወይስ እንበትን የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ በዚያ መልክ ሊነሣ አልቻለም። በአሜሪካ ከተሞች ግን በየዕለቱ የሚያከራክር ነገር ሆነ። ኋላ በ2007 ሀዋርድ ማርኬል የተባሉት የሕክምና ታሪክ ጸሐፊ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የመረመሯቸው 43 ታላላቅ ከተሞች ናቸው፤ ከእነዚህም ሁሉ ትምህርት ቤቶቻቸውን ሳይዘጉ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ኒው ዮርክ፥ ቺካጎና ኒው ሄቨን።

ኒው ዮርክ ለምን አልዘጋችም? ከተማይቱ በበሽታ ፊት ቸልተኛ ስለ ነበረች አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ1916፥ የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ የተባለው በሽታ በዚያች ከተማ ከ2,000 በላይ ሰዎችን፥ ይልቁንም ሕፃናትን፥ በገደለ ጊዜ የትምህርት መጀመሪያው ቀን ወደ መስከረም መጨረሻ እንዲተላለፍ ተደርጎ ነበር። በ1918 የከተማይቱ የጤና ጥበቃ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሮያል ኮፕላንድም በባቡር ውስጥ የሚጋፋው ሰው እንዲቀንስ ሱቆች፥ ፋብሪካዎችና ቴአትር ቤቶች በተለያየ ሰዓት እንዲከፈቱና እንዲዘጉ በጥቅምት መጀመሪያ ትእዛዝ አውጥተዋል። ትምህርት ቤቶችን ግን ተዉአቸው። ምክንያታቸውም ይህ ነበረ። ከከተማይቱ አንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች መካከል 750,000 የሚሆኑት የሚኖሩት ብዙ ቤተ ሰብ ተጣቦ በሚያድርባቸው ፎቅ ቤቶች ነው። ቤቱ ጨለማ ነው፥ አየሩም የታፈነ ነው፤ ወላጆቹ ለዕለት እንጀራ ስለሚሮጡ የልጁን የመጀመሪያ ትኩሳት ላያዩት ይችላሉ። ትምህርት ቤቱ ግን ሰፊ፥ ብርሃን ያለበት፥ ሐኪምና ነርስም የሚጐበኙት ቤት ነው። በዚህ አሳብ መሠረት ልጁን ከትምህርት ቤት ማስወጣት ማለት ከተሻለው ቦታ አውጥቶ ወደ ባሰው መስደድ ነው።

ይህን አሳብ በሥራ ላይ ያዋሉት ግን፥ በ1908 የተቋቋመው የሕፃናት ጤና ክፍል ዲሬክተር ዶክተር ጆሴፊን ቤከር ናቸው። ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነበረ። ልጁ ጧት ሲመጣ በግቢ ቆሞ ከሌሎች ጋራ አይጫወትም፤ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከሌላ ክፍል ልጆች ጋራም አይቀላቀልም። መምህሩ ትምህርት ከመጀመሩ አስቀድሞ ልጆቹን አንድ በአንድ ይመለከታል። ማስነጠስ፥ ትኩሳት ወይም የዓይን መቅላት የታየበት ልጅ ለብቻው ተለይቶ በሐኪም ይመረመራል፤ ታሞ ከተገኘ ወደ ቤቱ ይወሰዳል። የቤቱም ሁኔታ ይታያል፤ ልጁን ለማስታመም የማይመች ሆኖ ከተገኘ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። በ1902 የተማሩትን በ1918 አልረሱትም፤ ደንቡ ከበር ላይ አላበቃም፥ እስከ ቤት ድረስ ልጁን ይከተላል።

ይህ አሠራር ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ከኮፕላንድ በፊት በዚያው ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰው ሳይቀሩ በአደባባይ ነቅፈዋቸዋል። ነርሶችና ሐኪሞች በብዛት ወደ ጦርነቱ ስለ ሄዱ፥ ምርመራው በወረቀት እንደ ተጻፈው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ በትክክል ይፈጸም ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል። ዶክተር ቤከር በ1939 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው በትምህርት ቤት የቈዩት ልጆች ብዙ እንዳልታመሙ ይመሰክራሉ። ምስክርነቱ ክቡር ነው፤ ነገር ግን የዚያ ዓመት በሽታ ልዩ ጠባዩ ከሕፃናት ይልቅ በሃያና በአርባ ዓመት መካከል ያሉትን ጐልማሶች መቅጠፉ ስለ ነበረ፥ ልጆቹ የዳኑት በደንቡ ምክንያት ነው ለማለት አይበቃም። የሞቱንም ቍጥር ብናይ፥ በማርኬል ጥናት በኒው ዮርክ ከ100,000 ሰው ከተለመደው በላይ የሞተው 452 ነው፤ በፊላደልፊያ 748፥ በቦስተን 710፥ ቶሎ በዘጋችው በሴንት ሉዊስ ግን 358 ነበር። ኒው ዮርክ ከሁለቱ ተሽላለች፥ ከአንዱ ከፍታለች። በሩን ክፍት ያደረገችው ቺካጎም 373 ላይ ናት። እንግዲህ ከዚህ ሰንጠረዥ ስለ ትምህርት ቤት በር ብቻውን ፍርድ የሚያወጣ ሰው ቸኩሏል እንላለን። ጥናቱ ራሱ ያመለከተው ብዙ እርምጃዎች በአንድነትና በጊዜ ሲወሰዱ ሞቱ መቀነሱን ነው።

በዘጉት ከተሞች ልጆቹ ምን ሠሩ? ብዙዎቹ ምንም። ወረዳዎቹ የጠፋውን ቀን ዕረፍትን በመቀነስ ወይም ፕሮግራሙን በማሳጠር ሊያካክሱት ሞከሩ። በሎስ አንጀለስ ግን መምህራን ትምህርቱን በወረቀት አዘጋጅተው በፖስታ ላኩ፤ ልጆቹም ሠርተው በፖስታ መለሱ። ትምህርት ከቤቱ ተለይቶ ብቻውን መንገድ ሲጀምር ከምናይባቸው ቀደምት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቈይቶ በቺካጎ የሆነው ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። በ1937 በነሐሴ መጨረሻ ልምሻ በከተማይቱ ተነሣ፤ የጤና ቦርዱም ትምህርት ቤቶች በመስከረም መጀመሪያ እንዳይከፈቱ አዘዘ። በ1918 በሯን ያልዘጋችው ከተማ በዚህ ጊዜ መዝጋቷ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ልምሻ ሕፃናትን ለይቶ የሚመታ በሽታ ነውና። የበላይ ኃላፊው ዊልያም ጆንሰንና ረዳታቸው ሚኒ ፋለን ትምህርቱን በራዲዮ ለማድረስ ቈረጡ። የከተማይቱ የራዲዮ ጣቢያዎች ጊዜያቸውን በነጻ ሰጡ፤ ጋዜጦችም የየዕለቱን ትምህርት አርእስት፥ ጥያቄና መልመጃ በየጧቱ አተሙ። ትምህርቱ የተዘጋጀው ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላሉት 315,000 ለሚሆኑ ልጆች ነበር። ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ የኅብረተ ሰብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት፤ ማክሰኞ፥ ሐሙስና ቅዳሜ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ዐሥራ አምስት ደቂቃ ለሒሳብ! በክፍል ውስጥ መምህር የልጁን ፊት አይቶ ያልገባውን ይደግምለታል፤ ራዲዮ ግን የማንንም ፊት አያይም። ወላጆች ንግግሩ ይፈጥናል፥ ልጁ ጽፎ ሳይጨርስ ሌላው ይጀመራል ሲሉ አማረሩ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለጥያቄ መልስ የሚሰጡ መምህራንን በቴሌፎን አጠገብ አስቀምጦ ነበርና በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ1,000 በላይ ጥሪ ስለ ደረሰ ሌሎች መምህራን መጨመር አስፈለገ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከዐሥር ቤት ስምንቱ ያህል ራዲዮ ነበራቸው። የቀሩት ሁለቱስ? ጣቢያው በደንብ የማይሰማበት ሰፈርስ? ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ እነዚህ ልጆች ያመለጣቸውን የሚያገኙበት ተጨማሪ እርዳታ እንደሚሰጥ ተነግሮ ነበር። መዘጋቱ ሦስት ሳምንት እንኳ ስላልሞላ ጕዳቱ ብዙ አልታየም። ይሁን እንጂ የቺካጎ ሙከራ አንድ ነገር አስረድቷል፤ ትምህርቱን ከቤቱ ለይቶ መላክ ይቻላል፤ ምሳውን፥ ነርሷንና ጠባቂውን ግን ራዲዮ ሊወስዳቸው አይችልም። በ1937 ይህን ያሰበበት ሰው ብዙ አልነበረም፤ እናቶች አብዛኛውን ጊዜ በቤት ይውሉ ነበርና፤ በመላው አገር የትምህርት ቤት ምሳን ያቋቋመው ሕግም ገና የወጣው በ1946 ነው።

ከዚህ በኋላ ክትባት ተገኘ፤ ልምሻም ከአሜሪካ ጠፋ፤ ትምህርት ቤትን በወረርሽኝ ምክንያት ለብዙ ጊዜ መዝጋት የአያቶች ወሬ መሰለ። እስከ 2020 ድረስ።

በዚያ ዓመት በጥር ወር በዋሽንግተን ግዛት፥ በምዕራቡ ባሕር አጠገብ፥ የኮቪድ 19 በሽታ ተገኘ። ከሲያትል ከተማ አጠገብ ያለው 23,000 ያህል ተማሪዎች የያዘው የኖርዝሾር ወረዳ በመጋቢት 5 ቀን ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ ዘግቶ ትምህርቱን በኢንተርኔት አደረገው፤ በአገሩም እንዲህ ካደረጉት ወረዳዎች የመጀመሪያው ነበረ። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ይህንኑ የኢንተርኔት ትምህርት አቆመው። ያቆመው ኮምፒዩተር ስላልነበረው አይደለም። በአሜሪካ ሕግ፥ ከ1975 ጀምሮ፥ አካሉ ወይም አእምሮው የተጐዳ ልጅ ለእርሱ የሚስማማ ትምህርት በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ እንግሊዝኛ ገና የሚማረውም ልጅ እንዲሁ ልዩ እርዳታ ይገባዋል። ወረዳው ለሁሉ እኩል ማድረስ ካልቻለ ለአንዳንዱ ብቻ ማድረሱ ሕግን ያፈርሳል የሚል ፍርሃት ያዘው።

የፊላደልፊያ ወረዳ ይህንኑ ፍርሃት ከዚያ በሚብስ ቃል ገለጸው። በመጋቢት አጋማሽ የወጣው መመሪያ፥ ኮምፒዩተር የሌላቸው ልጆች እንዳይበደሉ፥ መምህራን በኢንተርኔትም ሆነ በስልክ ግዴታ ያለበት ትምህርት እንዳያስተምሩ የሚከለክል ነበር። ለእኩልነት ሲባል ሁሉም ይቈዩ ማለት ነው። አንባቢ ሊስቅ ይችላል፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው ፈገግ ብለናል። ነገር ግን ነገሩን ሲያዩት በ1937 በቺካጎ ራዲዮ የሌላቸውን ሁለቱን ቤቶች ማንም አልጠየቀላቸውም ነበር፤ በ2020 ግን ሕጉ ራሱ ይጠይቅላቸው ጀመር። ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ሁሉንም ማስቀረት መሆኑ ነው ያሳዘነው። በመጋቢት 21 የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት ሕጉ ከርቀት ማስተማርን አይከለክልም ብሎ አብራራ። ወረዳውም እስከ 50,000 የሚደርሱ ኮምፒዩተሮች ለመግዛት ተነሣ፤ በግንቦትም ትምህርቱ ከርቀት ተጀመረ።

ኒው ዮርክ በዚህ ጊዜ የሆነችው ነገር ከ1918 ታሪኳ ጋራ ቢተያይ የሚያስገርም ነው። ከንቲባው ብዙ ሲያመነቱ ሰነበቱ፤ የሚያመነቱበትም ምክንያት ኮፕላንድ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ከተናገሩት የሚለይ አልነበረም። በከተማይቱ ከ100,000 የሚበልጡ ተማሪዎች የራሳቸው ቋሚ ቤት የላቸውም፤ በመጠለያ ወይም በዘመድ ቤት የሚያድሩ ናቸው። ምሳቸውን፥ አንዳንዶቹም ቍርሳቸውን የሚያገኙት ከትምህርት ቤት ነው። የሆስፒታል ነርሶችም ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው ካላገኙ ሕመምተኞቹን ማን ያስታምማል? ኮፕላንድ በዚህ አሳብ በሩን ክፍት አደረጉ፤ የ2020 ከተማ ግን በመጋቢት 16 ዘጋችው። በሁለቱ ዘመናት መካከል የተለወጠው የከተማይቱ ድኅነት አይደለም፤ በሽታው ነው። በአዲሱ በሽታ የተያዘ ሰው ሕመም ሳይሰማው ለሌላው ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዶክተር ቤከር የተመኩበት የጧት ምርመራ፥ ትኩሳትና ማስነጠስ የሚፈልግ ዓይን፥ የሚያየው ነገር አጣ።

በሩ ከተዘጋ ዘንድ ወረዳው ትምህርት ቤቱን ክፍል በክፍል ፈትቶ ለየብቻው ማድረስ ነበረበት። ለሕክምናና ለሌላ አስፈላጊ ሥራ የሚሄዱ ወላጆች ልጆች የሚውሉባቸው ልዩ ቤቶች ተከፈቱ። 300,000 ያህል ኢንተርኔት ያላቸው ታብሌቶች ለልጆች በውሰት ተሰጡ። ከ400 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ምግብ ይታደል ጀመር፤ በሚያዝያም ወር ተማሪ ሆነም አልሆነ ለመጣ ሰው ሁሉ ተፈቀደ። ለአንድ ክፍለ ዘመን በአንድ ጣራ ሥር ተደባልቆ የኖረው ነገር በየፊናው ቆሞ ታየ።

ስለ ምግቡ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ ደንብና አገልግሎት እንዴት እንደሚጋጩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለምና። በመላው አገር 30 ሚሊዮን ያህል ልጆች በየቀኑ የትምህርት ቤት ምሳ ይበሉ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ የሚከፍለውን ገንዘብ ለማግኘት ወረዳው ብዙ ግዴታ አለበት፤ ምግቡ በተወሰነ ሰዓት፥ ልጆቹ በአንድነት በተሰበሰቡበት፥ እዚያው ባሉበት መበላት አለበት። ይህ ደንብ የወጣው ምግቡ ለሌላ እንዳይሸጥ፥ ለልጁም መድረሱ እንዲታወቅ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን መሰብሰብ ራሱ በተከለከለበት ወር፥ ለመብላት ተሰብሰቡ የሚል ደንብ ሆነ። በመጋቢት 18 የወጣው ሕግ እነዚህን ግዴታዎች ለማንሣት ለእርሻ ሚኒስቴር ሥልጣን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ልጁን ሳያስከትል መጥቶ ምግቡን መውሰድ ቻለ፤ የብዙ ቀን ምግብ በአንድ ጊዜ ይሰጥ ጀመር፤ በገጠር ልጆችን የሚያመላልሱት ቢጫ አውቶቡሶች ልጅ መጫኑን ትተው ሣጥን ጭነው በየመንደሩ ዞሩ። በቴክሳስ የኦስቲን ወረዳ ደግሞ ከ100 በላይ አውቶቡሶችን ኢንተርኔት አስገጥሞ ድኆች በሚኖሩበት ሰፈር አቆማቸው፤ ቤታቸው መስመር የሌላቸው ልጆች እንዲጠቀሙ ነው።

የፈተናና የቀሪ ደንብም እንዲሁ ተለዋወጠ። የፌዴራሉ መንግሥት በመጋቢት 20 የዚያን ዓመት የግዛት ፈተናዎች እንዲቀሩ ፈቀደ። የኒው ዮርክ ከተማ ለታናናሾቹ ክፍሎች የወደቀ የሚለውን ውጤት አነሣችና ደረጃውን አሟልቷል ወይም መሻሻል ያሻዋል በሚል ተካችው። ከሁሉ ያስቸገረው ግን መገኘት ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነበረ። መምህር ስም ሲጠራ አቤት የሚል ልጅ በሌለበት፥ በብዙ ወረዳዎች አንድ መልእክት የመለሰ ወይም በቀን አንድ ጊዜ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ልጅ ተገኝቷል ተብሎ ተጻፈ። ትንሽ መዝገብ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ መዝገብ የጠፉ ልጆች ነበሩ፤ መምህራንም ስልክ እየደወሉ፥ ቤት ለቤትም እየዞሩ ፈለጓቸው። ነርሷ ሊና ሮጀርስ በእግሯ የሄደችበትን መንገድ እንደ ገና ሄዱበት ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፥ በሜሪላንድ ግዛት የሞንትጐመሪ ወረዳና በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ወረዳ ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ ወደ አማርኛም ያስተረጕማሉ። በ1902 ኢጣሊያዊቷ እናት ማንበብ ያልቻለችው ወረቀት በ2020 በአማርኛ ፊደል ደረሰ። ሆኖም ቋንቋው አማርኛ ሆነ ማለት ነገሩ ገባ ማለት አይደለም። የርቀት ትምህርት የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ላደገ ሰው፥ ሥራ እየሠራ መጽሐፍ ተልኮለት የሚማረውን አዋቂ ያስታውሰዋል እንጂ የሰባት ዓመት ሕፃን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ መዋሉን አያስታውሰውም። ሕፃኑንም ለማስቀመጥ ወላጅ በቤት መዋል አለበት። በመኪና ሰው በማመላለስ፥ በሆስፒታል፥ በሆቴልና በሱቅ የሚሠራ ወላጅ ይህን እንዴት ያደርጋል? የማመልከቻው ትርጕም ለዚህ መልስ አልነበረውም። የሞንትጐመሪ ልጆች ደረጃ በደረጃ ወደ ክፍላቸው መመለስ የጀመሩት ከአንድ ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 2021 ነው።

በኢትዮጵያም ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግተው ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች በቤት ቀሩ። ለአንደኛ ደረጃ በራዲዮ፥ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት ተላለፈ፤ ከስምንተኛና ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀር ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተደረገ፤ የዐሥራ ሁለተኛው ክፍል ፈተናም እስከ 2013 ዓ.ም. ዘገየ። የቺካጎ ቤቶች ከዐሥር ስምንቱ ራዲዮ ነበራቸው ብለናል፤ በእኛ ገጠር ግን ራዲዮ የሌለው ቤት ይበዛል፤ ያለውም ቢሆን ልጁ በትምህርቱ ሰዓት ከከብት ኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጕዳይ ወደ ፊት ለብቻው ሊጻፍ ይገባል።

አሁን ከዚያ ሁሉ ለውጥ የቀረውን እንይ። የምግቡ ነጻ ፈቃድ በሰኔ 2022 አበቃ፤ በአብዛኛው ግዛት ወላጆች እንደ ገና ገቢያቸውን የሚገልጥ ማመልከቻ መሙላት ጀመሩ፤ ካሊፎርኒያና ሜይን ግን በራሳቸው ሕግ ለሁሉም ልጅ በነጻ መስጠቱን ቀጠሉበት። በኒው ዮርክ ደግሞ ቀድሞ ብዙ በረዶ በጣለ ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋና ልጆች ሲንሸራተቱ ይውሉ ነበር፤ ከወረርሽኙ ወዲህ ግን የበረዶ ቀን ዕረፍት ቀርቶ ሁሉም በቤቱ በኮምፒዩተር እንዲማር ታዘዘ። በየካቲት 13 ቀን 2024 በረዶ ጣለ። በዚያን ጧት እጅግ ብዙ ልጅና መምህር በአንድ ጊዜ ሊገባ ሲል መስመሩ ተጨናነቀና ብዙዎች ሳይገቡ ቀሩ፤ የገቡትም ስማቸው ተጠርቶ ተገኝተዋል ተብሎ ተጻፈላቸው።